የእጅ አንጓ ሲሰበር ከስብራቱ በላይ የሚጎዱን ስህተቶች

ደሴ ላይ ሐምሌ ከገባ መሬት አይታመንም። የሰፈሩ ቁልቁለት ኮብልስቶን በዝናብ ያንሸራትታል፣ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጭጋግ ዓይን ይጋርዳል፣ ሰው ደግሞ ሶሉ ባለቀ ጫማ ይወጣል። እግር ሲከዳ ለማሰብ ጊዜ የለም። እጅ ተዘርግቶ ይወደቃል። የመላ ሰውነት ክብደት መዳፍ ላይ ያርፍና አንጓው ቀጭ ይላል።

አንጓ ሁለቱ የክንድ አጥንቶች ከ8 ትንንሽ አጥንቶች ጋር የሚገናኙበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ ነው። በወጉ ከተያዘ ይድናል። የእኔ ውሎ ጀሶ ክፍል ነው። እዚያ ቆሜ ስታዘብ እጅ አበላሽቶ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ አወዳደቁ አይደለም። ከወደቁ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት ዘንድ፣ አንዳንዴም እኛው ጤና ተቋም ውስጥ የሚሠራው ስህተት ነው። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ጣቴ ይንቀሳቀሳል፤ አልተሰበረም»

ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ «እስቲ ጣትህን አንቀሳቅስ» ይባላል፣ ጣት ትንቀሳቀሳለች፣ «ተመስገን፣ ወለምታ ነው» ተብሎ ቡናው ይቀጥላል።

ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ዋናዎቹ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው። ጅማቶቻቸው አንጓውን አልፈው ሄደው ጣትን ይስባሉ። ስለዚህ አንጓው ተሰብሮም ጣት ሊታጠፍና ሊዘረጋ ይችላል። ፈተናው ምንም አይነግራችሁም።

የደብሊኑ ቀዶ ሐኪም አብርሃም ኮሊስ ስለዚህ ስብራት የጻፈው በ1814 (እንደ ፈረንጆቹ) ነው። ራጅ የተገኘው በ1895 ነውና እሱ የነበረው ዓይኑና እጁ ብቻ ነበር። አጥንቱ ወደ እጅ ጀርባ በኩል ሲሸሽ አንጓው ከጎን ሲታይ የተደፋ ሹካ ይመስላል። እንዲህ የሆነ እጅ ማንንም አያከራክርም። የሚያስቸግረው ያልተጣመመው ስብራት ነው። ትንሽ ያብጣል፣ አጥንቱ ላይ ሲጫኑት አንድ ቦታ ነጥሎ ያማል፣ ቁልፍ ማዞር ወይም ጀበና ማንሳት ያቅታል። ወድቃችሁ በማግስቱም እንዲህ ከሆነ ራጅ ተነሡ።

እስከዚያው ጠንካራ ካርቶን ቆርጣችሁ ከክርን በታች እስከ መዳፍ ከሥር ደግፉት። በጨርቅ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከዚያ በነጠላ አንገት ላይ አንጠልጥሉት። እጁ በግልጽ የተጣመመ ከሆነ ደግሞ በመንገድ ላይ ምግብ አታብሉት። ሰመመን ሊያስፈልገው ስለሚችል የበላ ሆድ ያስጠብቃል። እናቶች ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል፣ ግን እንዲያ ነው።

ቅቤ ቀብቶ ማሸት

የተሰበረ አጥንት ጫፉ ስለታም ነው። ሲታሽ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይቆርጣል፣ ደም ያፈሳል፣ ነርቭ ይነካል፣ ሳይሸሽ የቆየውም ይሸሻል። ቅቤው አይጎዳም፤ የሚጎዳው የሚያሸው አውራ ጣት ነው። ጎትቶ «ቦታው መመለስ»ም ያው ነው። እኛም እንጎትታለን፤ ግን አደንዝዘን፣ ራጁን ዓይተን፣ ከጎተትንም በኋላ ሌላ ራጅ አንሥተን ነው።

ቀለበትና አምባር ሳያወልቁ መቆየት

በቶሎ የሚረሳ ነገር ይህ ነው። እጅ እንደተጎዳ፣ ሳያብጥ፣ የመጀመሪያው ሥራ ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ማውለቅ ነው። ከሰዓታት በኋላ አይወልቅም።

አንዲት እናት ከገጠር መጡ። ጣታቸው ላይ የብር ቀለበት ሥጋ ውስጥ ገብቷል፤ ጣቱ ከቀለበቱ በላይ ወይን ጠጅ መስሏል። መቀሱን ሳነሣ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ የሟቹ ነው። እባክህ አትቁረጥብኝ።»

«እማማ፣ ጣቱ ይቀድማል።»

«አላህ ያክብርህ፣ እስቲ ሞክርልኝ።»

ጠንካራ ክር አመጣሁ። አንዱን ጫፍ በቀለበቱ ሥር አሾለክሁ፤ ሌላውን ከቀለበቱ ጀምሬ እስከ መሀል አንጓው ድረስ ጣቱ ላይ ጥቅጥቅ አድርጌ ጠመጠምሁት። ክሩ እብጠቱን ይጫነዋል። ከዚያ ከሥር ያሾለክሁትን ጫፍ ይዤ መተርተር ስጀምር ቀለበቱ በክሩ ላይ እየተሳበ ወጣ። ሳሙና ቀድሞ ከተቀባ ይበልጥ ይቀላል። ሁልጊዜ አይሠራም። ጣቱ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ደግሞ በክር ጊዜ አይጠፋም፤ ቀለበት ይቆረጣል፣ ብር አንጣሪው ይበይደዋል።

«ጠበቅ አድርገህ እሰረው፣ እንዳይላላ»

ከስህተቶቹ ሁሉ ይህ ይከፋል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላውራበት።

ወጌሻ የራሳችን ሰው ነው። በገጠር ከራጅ ይልቅ እሱ ይቀርባል፣ ዋጋው ይቀላል፣ ቃሉም ለስላሳ ነው። እጁ የተዋጣለት መኖሩንም አልክድም። ከደላንታ ወይም ከተንታ ደሴ ለመድረስ መኪናው፣ ማደሪያው፣ አጃቢው ሁሉ ብር ነው። ሰው ወጌሻ ዘንድ ስለሄደ ሞኝ አይባልም።

ችግሩ ማሰሪያው ላይ ነው። ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ተሰንጥቆ እጁ ዙሪያ ይደረደራል፣ በጨርቅ ወይም በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። የተሰበረ እጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማበጡን አያቆምም። ማሰሪያው አይለጠጥም። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ ደም ጡንቻው ጋ መድረስ ያቅተዋል። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈው ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጣቶች ተኮማትረው ይቀራሉ። ሲብስ እጁ ይጠቁራል፣ ጋንግሪን ይሆናል፣ ይቆረጣል። በአገራችን ሆስፒታሎች በተለይ ሕፃናት እጃቸውን ወይም እግራቸውን ከሚያጡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ጥብቅ ማሰሪያ ነው።

አንድ አባት ልጁን አዝሎ በሦስተኛው ቀን አመጣው። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ነው። ሁለት ሌሊት አልቅሷል። «አጥንት ሲገጥም ያማል፣ ቻለው» ተብሏል። በሦስተኛው ቀን ማልቀሱን ተወ፤ ቤተሰቡም «ተሻለው» ብሎ ደስ አለው። ልጁ ዝም ያለው እጁ ስለደነዘዘ ነበር። ማሰሪያውን ስፈታ ጣቶቹ ቀዝቃዛና ጥቁር ነበሩ። አባትየው «ዶክተር፣ አጥንቱ እኮ ቀጥ ብሏል» አለኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለሰው ዶክተር ነው። አጥንቱ እውነትም ቀጥ ብሎ ነበር።

ስለዚህ እጁን ያሰረው ማንም ይሁን ማን፣ ወጌሻም ሆነ እኛ፣ ጣቶቹን ተመልከቱ። የጀሶ ማሰሪያም ያበጠ እጅ ላይ ሊጠብቅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሌሊትም ቢሆን እየተነሣችሁ እዩ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ነጥቶ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ጥሩ አይደለም። ጣቱ ከሌላው እጅ ይልቅ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠዘጠዘ ጥሩ አይደለም። ዋናው ምልክት ግን ሕመሙ ነው። ማስታገሻ ተወስዶም እየጨመረ ከሄደ፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን በዝግታ ሲዘረጋቸው ክንዱ ድረስ ካስጮኸ፣ ሌላ ምልክት አትጠብቁ። የደም ሥር ትርታ ስላለም አትዘናጉ፤ ጡንቻው እየሞተም ትርታ ሊኖር ይችላል።

ያኔ የሚደረገው አንድ ነገር ነው። ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ መፍታት። ከላይ ያለውን አላልቶ ከሥር ያለውን ጨርቅ መተው አይበቃም። እጁን ከልብ ጋር እኩል አድርጋችሁ ያዙት፤ እንዲህ ባለ ሰዓት ወደ ላይ መስቀል ደሙን ይቀንስበታል። ጀሶ ከሆነ ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱና ያስቀድዱት። «ያሰረኝ ሆስፒታል ደሴ ነው፣ ነጋ ብዬ እሄዳለሁ» አይባልም። አጥንት እንደገና ይታሰራል።

ቁስል ላይ ቡና መነስነስ

አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ፣ ወይም ስብራቱ ላይ ትንሽ የምትደማ ቀዳዳ ካለች፣ ያ ክፍት ስብራት ነው። ቡና፣ አፈር፣ ቅጠል፣ ቅቤ ምንም አይደረግበትም። የወጣውንም አጥንት ወደ ውስጥ አትግፉት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሩጡ። የቴታነስ መርፌ፣ አንቲባዮቲክና የቀዶ ጥገና እጥበት ይፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ በሰዓት የሚቆጠሩ ናቸው።

«ራጁ ንጹሕ ነው ተባልሁ»

ይህ የወጣቶቹ ነው። ኳስ ሲጫወት በመዳፉ የወደቀ፣ ከሞተር የተወረወረ ልጅ ራጅ ይነሣል፣ «ስብራት የለም» ይባላል፣ ፋሻ አስሮ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ሲመጣ አንጓው አይታጠፍም።

ከ8ቱ ትንንሽ አጥንቶች አንዱ ስካፎይድ ይባላል። ስብራቱ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጉት። ከሥሩ፣ አንጓው ጋ፣ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ትወጣለች። ከወደቃችሁ በኋላ እዚያች ላይ ሲጫኗት ካመመ፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንደተሰበረ ተቆጥሮ እጁ መታሰር አለበት። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ ይደገማል።

ይህን ያህል የሚያስጨንቀው የደም መንገዱ ነው። ለስካፎይድ አብዛኛው ደም የሚገባው ከጣት በኩል ባለው ጫፍ ነው። መሀሉ ሲሰበር በክንድ በኩል ያለው ቁራጭ ደም ሊያጣና ሊሞት ይችላል። ከዚያ አይገጥምም፣ አንጓው ቀስ በቀስ ይበላል። በጊዜ የተያዘው እንኳ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ጀሶ ሊፈልግ ይችላል። ሐኪሙ «ራጁ ምንም የለውም» ካላችሁ «እዚች ላይ ግን ሲጫኑኝ ያመኛል» ብላችሁ በጣታችሁ አሳዩት። ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ጀሶውን ቤት ወስዶ ማበላሸት

የጀሶ ዱቄት የታሰረበት እጅ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እስኪጠና ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈልጋል። እሳት ዳር አታስጠጉት፤ ከላይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ትራስ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በዚያው ይደርቃል።

ከዚያ ውኃ ይመጣል። ወሎ ነውና ነገሩ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ለጸበል ይሄዳል፣ ጀሶው ርሶ ይቦካል። ሌላው ለውዱእ ብሎ እጁን እስከ ክርኑ ያጥበዋል። ሁለቱንም ተዉ አልልም። ጸበሉን በሌላው ሰውነት ላይ ማስደረግ፣ የታሰረውን እጅ በፌስታል ጠቅልሎ ከውኃው ማራቅ ይቻላል። በውዱእም ቢሆን የታሰረ ስብራት ላይ በረጠበ እጅ ማበስ እንደሚበቃ ሸሆቹ ያውቁታል፤ ጠይቋቸው። ሱጁድ ላይም የታሰረውን መዳፍ መሬት አስደግፋችሁ አትጫኑት። አቅሙ ያልፈቀደለት በሚችለው ይሰግዳል።

ሲያሳክክ ደግሞ ስንጥር፣ እስክሪብቶ፣ የሹራብ ብረት ይገባል። ቆዳው ይላጣል፣ ጀሶው ሥር ቁስል ይመረቅዛል፣ ሽታው ሲወጣ ነው የሚታወቀው። ከላይ ኳ ኳ አድርጉት፣ በፌስታል የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር አስደግፉበት። ዱቄትም ዘይትም ወደ ውስጥ አታፍስሱ።

የታሰረው አንጓው ነው፤ ጣቶች፣ ክርንና ትከሻ አልታሰሩም። ጀሶ ያደረገ ሰው እጁን ጉያው አድርጎ ለ6 ሳምንት እንደ ሐዘንተኛ ይቀመጣል። አጥንቱ ይድናል፣ ትከሻው ግን ይደርቃል። ጣቶቻችሁን ሙሉ በሙሉ ጨብጡ፣ ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፤ በየሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ። ክንዳችሁን ከጭንቅላት በላይ አንሡ። ነጠላውን ለመንገድ ተጠቀሙበት፤ ቤት ውስጥ አውልቁት።

ለቀጠሮ አለመመለስ፣ «ብረት ይገባበታል» ሲባል መጥፋት

አንጓ በጀሶ ውስጥ ሆኖም ይሸሻል። እብጠቱ ሲቀንስ ጀሶው ይላላል፣ የተስተካከለው አጥንት ተመልሶ ይጣመማል። ለዚህ ነው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት ራጅ ድገሙ የምንለው። በዚያ ጊዜ ከተያዘ እንደገና ይስተካከላል። በ6ኛው ሳምንት ከመጣችሁ ጠምሞ ገጥሟል፤ ከዚያ ወዲያ መፍትሔው አጥንቱን እንደገና መቁረጥ ነው።

የጤና መድህን ካርድ ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈሩን አትርሱ። ሪፈር ባለመያዝ ከኪሱ ከፍሎ፣ ለሁለተኛው ቀጠሮ ብር አጥቶ የቀረ ብዙ ነው።

ቀዶ ጥገናን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ስህተት አያለሁ። አንዱ ገና «ብረት» ሲባል በጓሮ በር ይወጣል። አጥንቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ከተሰነጠቀ፣ ብዙ ቦታ ከደቀቀ፣ ወይም ተስተካክሎ አልቆይ ካለ ሽቦ ወይም ፕሌት የግድ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ ሥራው ይከብዳል። ሌላኛው ደግሞ ውድ ሕክምና ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል። ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ ሰዎች ትንሽ የጠመመ አንጓ በጀሶ ድኖ ሥራ የሚሠራበት ብዙ ነው። «ጀሶ ይበቃዎታል» ሲባሉ «ድሃ ስለሆንሁ ነው» ብለው የሚያዝኑ አሉ። አይደለም።

የልጅን እጅ «ልጅ ነው፣ ይድናል» ብሎ መተው

እውነት አለው። የልጅ አጥንት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይገጥማል፤ ትንሽ የጠመመውንም ራሱ እያደገ ያቃናዋል። አንዳንዱ የልጅ ስብራት ጨርሶ አይለያይም። አጥንቱ ጎበጥ ወይም እጥፍ ብሎ ይቀራል፣ ቀላል ድጋፍ ይበቃዋል።

ነገር ግን የልጅ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። ስብራቱ እዚያ ካለፈ እጁ ማደግ ሊያቆም ወይም ጠምሞ ሊያድግ ይችላል። እንዲህ ያለው ከ7 እስከ 10 ቀን ካለፈው በኋላ መጎተቱ ራሱ ያንን ክፍል ሊጎዳው ስለሚችል እኛም እጃችንን እንሰበስባለን። ስለዚህ «ሳምንት እንየው» የሚለው ነገር ለልጅ አይሆንም። ልጅ እጁን መጠቀም ከተወ፣ እንጀራ በግራው መቁረስ ከጀመረ፣ በዚያው ቀን ይዛችሁት ኑ።

ጀሶ በተፈታ ማግስት ጀሪካን ማንሣት

ጀሶ ሲፈታ ሰው ይደነግጣል። ክንዱ ቀጥኗል፣ ቆዳው ተልጧል፣ ፀጉር በዝቷል፣ አንጓው አይታጠፍም። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ሰው ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ እጁን ፈርቶ አይነካውም። ገሚሱ ደግሞ በማግስቱ 20 ሊትር ጀሪካን ያነሣል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱት። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አስጠግታችሁ መዳፋችሁን ለማኝ እንደሚዘረጋው ወደ ላይ፣ መልሳችሁ ወደ ታች ገልብጡ። ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚመለሰው ይህ መገልበጥ ነው። ጨርቅ መጭመቅ፣ አክንባሎ ማንሣት፣ ሊጥ ማቡካት ቀስ በቀስ ይመጣል። ከባድ ሸክም ከስብራቱ ጀምሮ ሦስት ወር ገደማ ይቆይ። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴ ዓመት ይፈጃል።

ቅልጥምና አብሽ ይጠጣ ወይ ትሉኛላችሁ። ይጠጣ፣ ምን ገዶኝ። ግን ጀሶ አይተካም። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ እሱን መተው ከቅልጥሙ ይበልጣል፤ ኒኮቲን የአጥንትን መግጠም ያዘገያል።

ስብራቱ ሳይሸሽ በደህና ሲድን ቆይቶ፣ ከሳምንታት በኋላ አውራ ጣት በድንገት ወደ ላይ አልነሣ ካለ፣ ጅማቱ አንጓው ላይ ተፍቆ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ተመለሱ። ጣቶች ሌሊት ሌሊት ከደነዘዙ፣ ወይም እጁ ካበጠና ከቀላ፣ ሲነኩት እንደሚያቃጥል ሆኖ ከቆየም እንዲሁ።

እጁን አክሞ አጥንቱን መርሳት

ወጣት ሲሰበር አወዳደቁን እንጠይቃለን። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች እናት ቆማ ከነበረችበት ወድቃ ብቻ አንጓዋ ከተሰበረ ግን መጠየቅ ያለበት አጥንቷ ነው። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። የአንጓ ስብራት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሊከተል የሚችለው የዳሌ ስብራት ነው፣ እሱ ደግሞ አልጋ ላይ ይጥላል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት ለወራት የወሰደ ሰውም አጥንቱ ይሳሳልና ለሐኪሙ ይንገር።

በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥም አላቸው። ጾም የሚያጠብቁ እናቶች ወተቱ ለረጅም ጊዜ ስለሚቀርባቸው እነዚህን ያብዙ። የጠዋት ፀሐይ ላይ ፊትና ክንድን ገልጦ መቀመጥ ለቫይታሚን ዲ ነው፤ በመስኮት መስታወት የሚገባው አይቆጠርም። በእግር መሄድ አጥንት ያጠነክራል፣ ወሎ ላይ ደግሞ ዳገት ሞልቷል።

አወዳደቁንም መቀነስ ይቻላል። ትልልቅ ሰዎች ሲወድቁ የማየው አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ መንገድ ላይ አይደለም። ለሱብሂ ተነሥተው በጨለማ ወደ ውኃው ሲሄዱ፣ ለቅዳሴ ሲወጡ፣ ሌሊት መጸዳጃ ቤት ሲሉ፣ ግቢ ውስጥ እርጥብ ድንጋይ ላይ ነው። የውዱእ ማሰሮውን ከመኝታ በፊት በር ላይ አስቀምጡላቸው። ባትሪ ከትራስ ሥር ይደር። የተላጠውን የፕላስቲክ ጫማ ጣሉና ሶሉ ጥርስ ያለው ግዙላቸው። ከዘራ ይዞ መሄድ የሚያሳፍራቸው ካሉ፣ ከቤቱ የተከበረ ሽማግሌ ከዘራ ስጧቸው፤ ያኔ ይይዙታል።